የድሮ መኪና በቀለም ይነሳ ወይስ በጥቁርና ነጭ?

የተወለወለ መኪና መስታወት ነው። ኮፈኑ ላይ የሚያበራው ነገር የኮፈኑ የራሱ አይደለም፤ ከላዩ ያለው ሰማይ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ግንብ፣ አጠገቡ የቆመው ዛፍ፣ አንዳንዴም ካሜራ ይዞ ያጎነበሰው ሰውዬ ነው። ስለዚህ ክላሲክ መኪና የሚያነሳ ሰው ዋና ሥራው ብረቱ ላይ ምን እንደሚታይ መምረጥ ነው። ቀለም ይሁን ጥቁርና ነጭ የሚለው ውሳኔም እዚያው ቦታው ላይ ቢያልቅ ይሻላል፤ ቤት ገብቶ ኮምፒውተር ከተከፈተ በኋላ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ለቀለም የሚመቸው ለስላሳ ብርሃን በጥቁርና ነጭ አሰልቺ ግራጫ ሊሆን ይችላል። ለጥቁርና ነጭ የሚያምረው ስለታም የጎን ጸሐይ ደግሞ ቀለሙን ያነጣዋል።

ውሳኔውን የሚያቀለው ጥያቄ ይህ ነው፦ መኪናውን ከጀርባው የሚለየው የቀለሙ ዓይነት ነው ወይስ የብርሃኑ መጠን? ደማቅ ቀይ መኪና አረንጓዴ ቁጥቋጦ ፊት ቢቆም ዓይን ወዲያው ያርፍበታል። ያው ፎቶ ወደ ግራጫ ሲለወጥ ግን ቀዩና አረንጓዴው ብዙውን ጊዜ እኩል ግራጫ ይሆኑና መኪናው ቁጥቋጦው ውስጥ ይሰምጣል። ክሬም ቀለም ያለው መኪና ጥቁር በተቀባ የእንጨት በር ፊት ቢቆም ግን ቀለሙ ቢወሰድበትም የሚጎድለው ነገር የለም፤ መጀመሪያውኑ የለየው ብርሃኑ ነበርና። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ነገሩ ብዥ እስኪል ድረስ መኪናውን እዩት። የጣሪያውና የኮፈኑ ጠርዝ ያኔም ተለይቶ ከታየ ጥቁርና ነጭ ይሸከመዋል።

ከዓይን የሚሻል መፈተኛ ካሜራው ውስጥ አለ። ፋይሉ በሮው (ሴንሰሩ የያዘው ያልተሠራበት መረጃ) እና በጄፔግ (ካሜራው ሠርቶ የሚያወጣው ፎቶ) አንድ ላይ እንዲቀመጥ አድርጉና የፎቶ ስታይሉን ሞኖክሮም ላይ አውሉት። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ያሳያችኋል፣ ጄፔጉም እንደዚያው ይወጣል፤ ሮው ፋይሉ ግን ቀለሙን ሙሉ በሙሉ እንደያዘ ይቆያል። ጄፔግ ብቻ በሞኖክሮም ያነሳ ሰው ቀለሙን መልሶ አያገኘውም፤ ይህ ስህተት ደግሞ በጣም የተለመደ ነው።

ቀለሙ መቆየት ያለበት መቼ ነው

አንዳንድ መኪና ቀለሙ ከተወሰደበት ግማሽ ማንነቱ አብሮ ይሄዳል። በ1950ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጡት ባለሁለት ቀለም የአሜሪካ መኪኖች፣ ለምሳሌ ከ1955 እስከ 1957 የተሠራው ሼቭሮሌ ቤል ኤር፣ መስመራቸው ራሱ የተነደፈው ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን ቦታ ተከትሎ ነው። ነጭና ቱርኩዋዝ ከሆነ በጥቁርና ነጭም ይለያያሉ። ሁለቱም መካከለኛ ድምቀት ያላቸው ቀለሞች ከሆኑ ግን ግራጫ ላይ ይዋሃዱና መኪናው አንድ ወጥ ይመስላል፤ በመካከላቸው ያለው የክሮም ጌጥም ያለምክንያት የተለጠፈ ይሆናል።

የውድድር መኪኖችም እንደዚሁ ናቸው። ለረጅም ዘመን በዓለም አቀፍ ውድድሮች አገሮች የሚታወቁት በቀለም ነበር፦ ጣሊያን ቀይ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ጀርመን መጀመሪያ ነጭ በኋላ ብርማ። አረንጓዴውን ወደ ግራጫ ስትለውጡት የአገሩን መለያ ነው ያጠፋችሁት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ የብረቱ ቀለም ነው። ክሮም በመኪና ላይ የተስፋፋው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የሚያብረቀርቀው ክፍል ኒኬል፣ ከዚያም ቀደም ሲል ናስ ነበር፤ ፎርድ ሞዴል ቲ እስከ 1916 ድረስ የራዲያተሩ ሽፋን ናስ ነው። ክሮም ቀዝቀዝ ያለ፣ ትንሽ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ይሰጣል። ኒኬል ሞቅ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል። በጥቁርና ነጭ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፣ ናሱም ቢሆን ነጣ ያለ ግራጫ ከመሆን አያልፍም። እነዚህ ብረቶች ያሉበትን መኪና ቢያንስ አንድ ዙር በቀለም አንሱ።

የዝገትና የጸሐይ እርጅና ነገር ሁለት መልክ አለው። የደበዘዘ ሰማያዊ ላይ ብርቱካናማ ዝገት ሲወጣ ሁለቱ ቀለሞች እርስ በርስ ይጎላሉ፣ ያ የቀለም ፎቶ ነው። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ተልጦ ቡናማ ብቻ የቀረ ከሆነ ግን የሚታየው ሸካራነቱ ነው። ያኔ ከጎን የሚመጣ ዝቅተኛ ጸሐይ ፈልጋችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ መሄድ ያዋጣል።

ፎቶው ለሽያጭ፣ ለኢንሹራንስ ወይም ለጥገና መዝገብ የሚሆን ከሆነ ምርጫ የለም፤ በቀለም ነው። የመጀመሪያ ፍሬማችሁ ውስጥ ግራጫ ካርድ ከመኪናው አጠገብ አስገቡና ኋይት ባላንሱን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያርምበትን ልክ) ከእሱ ውሰዱ። አውቶማቲክ ኋይት ባላንስ ትልቅ ቀይ ወይም ቢጫ ነገር ፍሬሙን ሲሞላው ይታለላል፦ ቀዩን እንደ ብርሃን ስህተት ቆጥሮ ሊያርመው ይሞክራል፣ አስፋልቱም ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ይሄዳል። አንድ ፍሬም ላይ ኮፈኑ ሲበዛ፣ ሌላው ላይ ሲያንስ፣ የአንድ መኪና ቀይ በየፎቶው ይለያያል።

ጥቁርና ነጭ የሚያዋጣው

ጥቁር፣ ነጭና ብርማ መኪኖች በተፈጥሯቸው ግማሽ መንገድ ሄደዋል። ሞዴል ቲ ከ1914 እስከ 1925 የሚወጣው በጥቁር ብቻ ስለነበር በጥቁርና ነጭ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። ቅርጹ ጎልቶ የሚናገር መኪናም እንዲሁ፦ በሮቹ ወደ ላይ የሚከፈቱት የ1954ቱ መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል፣ የ1955ቱ ሲትሮን ዲ ኤስ፣ ረጅም ኮፈን ያለው የ1961ዱ ጃጓር ኢ ታይፕ። የእነዚህ መኪኖች ጎን ላይ ብርሃን ከነጭ ወደ ጥቁር ቀስ እያለ ሲወርድ ቀለም ባይኖርም ብረቱ የት ጋ እንደጎበጠ ዓይን ይከተለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ጀርባው ነው። የመኪና ትርኢት ላይ ከኋላ ብርቱካናማ ድንኳን፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር፣ ቢጫ ጃኬት የለበሰ አስተናጋጅ አለ፤ ሁሉም ከመኪናው ጋር ይሻማሉ። ጥቁርና ነጭ ይህን ሽሚያ ያበርደዋል። መጋዘን ወይም ጋራዥ ውስጥም ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ሰማያዊ፣ ከጣሪያው መብራት የሚመጣው አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ ይሆናል። አንድ ኋይት ባላንስ ሁለቱን አያስታርቅም፤ ግራጫ ግን ለሁለቱም እኩል ነው።

ይህ ማለት ግን ጥቁርና ነጭ ለተበላሸ ፎቶ አምቡላንስ ነው ማለት አይደለም። ከመኪናው ጣሪያ ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት ምሰሶ በግራጫም ምሰሶ ነው። ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የመጣበት ጠፍጣፋ ፎቶም ቀለሙ ሲወጣለት ይብሱኑ ይሞታል። መኪናውን ብቻ በቀይ ትቶ ሌላውን ግራጫ ማድረግ የሚባለውን ዘዴ ደግሞ ቢቀር ይሻላል፤ ክሮሙና መስታወቱ ላይ ያለው የቀይ ነጸብራቅ ስለሚጠፋ መኪናው ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ከማንሳት በፊት

መኪናውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትንኩ፤ ቀበቶና ሰዓት ያወለቀ ሰው ብቻ ይጠጋ። በጸሐይ የጋለ ቦዲ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፤ ውሃው ቶሎ ደርቆ ነጭ ጠብታ ይተዋል፣ አሮጌ ቀለምና መስታወትንም ሊጎዳ ይችላል። ታጥቦ ሲደርቅ በማይክሮፋይበር ጨርቅ አቧራው ይነሳ። በፎቶ ላይ አቧራ በዓይን ከሚታየው በላይ ይጎላል፣ በተለይ ጥቁር ቀለም ላይ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት። ጎማው ላይ የሚቀባው ቅባት ጥቂት ይሁን፤ እርጥብ የሚመስል ጎማ የሰማይ ነጸብራቅ ይይዝና ግራጫ ይሆናል።

ቸርኬው መሃል ላይ ያለው አርማ ቀጥ ብሎ እንዲቆም መኪናውን ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ አስነዱት። ከፊትና ከጎን አንግል ስታነሱ የፊት ጎማው ቸርኬውን ወደ ካሜራው ያሳይ፤ ለዚህ መሪው ካሜራው ካለበት ጎን ተቃራኒ ትንሽ ይዙር። የጎማው ጥርስ ከሚታይ ቸርኬው ቢታይ ያምራል። የድሮ መሪ ያለ ኃይል አጋዥ ከባድ ስለሆነ መኪናው ቆሞ አይጠምዘዝ፤ ባለቤቱ ቀስ ብሎ እየተንቀሳቀሰ ያዙረው። መብራት እንዲበራ ከፈለጋችሁ ለጥቂት ፍሬም ብቻ ይሁን። ብዙ የቆዩ መኪኖች ባለ 6 ቮልት ናቸው፣ ሞተሩ ሳይሠራ መብራቱ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ርቀት፣ ሌንስና ቁመት

ሰፊ ሌንስ ይዞ መጠጋት የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ከ2 ሜትር ርቀት ያነሳችሁት መኪና አፍንጫው ያብጣል፣ ጅራቱ ይኮማተራል፣ የኋላው ጎማ ከፊተኛው ግማሽ ያህላል። ንድፍ አውጪው የደከመበት ምጣኔ ተበላሸ ማለት ነው። በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልምን ያህል የሆነ) ከ85 እስከ 135 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ መኪናውን እንደ መኪና ያሳያል። ይህ ግን ቦታ ይጠይቃል፦ 4.5 ሜትር ርዝመት ያለውን መኪና በጎኑ፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሜትር ትታችሁ ለማንሳት በ50 ሚሊ ሜትር 9 ሜትር ያህል፣ በ85 ሚሊ ሜትር 15 ሜትር ያህል፣ በ135 ሚሊ ሜትር 24 ሜትር ያህል መራቅ አለባችሁ። ሴንሰሩ 1.5 እጥፍ ለሚያንስ ካሜራ 35 ሚሊ ሜትሩ የ50ን ሥራ፣ 56 ሚሊ ሜትሩ የ85ን ሥራ ይሠራል።

ካሜራው የፊት መብራቱ ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከመሬት ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር። ቆማችሁ ካነሳችሁ ጣሪያው ይበዛል፣ መኪናው መጫወቻ ይመስላል። መሬት ላይ ተኝታችሁ ካነሳችሁ ደግሞ ከሥሩ የወዲያኛው ጎን ጎማዎች፣ ማርሚታውና ከበታች ያለው ዕቃ ሁሉ ይታያል።

ፎከስን በተመለከተ ቅርብ ያለው የፊት መብራት ላይ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ ሲሆን ግን ጅራቱ ብዥ ይላል። በ85 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 8 (የቀዳዳው መጠን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ 15 ሜትር ላይ ፎከስ ካደረጋችሁ ከ10 እስከ 30 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፣ መኪናው ሙሉ በሙሉ ይገባበታል። በኤፍ 2 ያው ርቀት ላይ ጥርት የሚለው ከ3 እስከ 4 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ፎከሱን ወደ በሩ መግቢያ መግፋት ያስፈልጋል። ጀርባውን ማደብዘዝ የፈለገ ቀዳዳውን ከመክፈት ይልቅ መኪናውን ከጀርባው 20 ሜትር ወደፊት ቢያወጣው ይሻላል።

ብርሃኑን በመኪናው ላይ ማንበብ

ካሜራ ሳታነሱ በመኪናው ዙሪያ ተራመዱ። የምታዩት ነገር ይህ ነው፦ ኮፈኑና ጣሪያው የሚያንጸባርቁት ከመኪናው ባሻገር ያለውን ሰማይ ነው፣ በሮቹ የሚያንጸባርቁት ደግሞ ከእናንተ ጀርባ ያለውን ነው። ስለዚህ ጀርባ መምረጥ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ከመኪናው ኋላ፣ ሌላው ከራሳችሁ ኋላ። ከኋላችሁ ሜዳ ከሆነ አድማሱ በሮቹ ላይ አንድ ንጹሕ መስመር ያሰምራል፤ ከመስመሩ በታች መሬቱ ጠቆር ይላል፣ በላይ ሰማዩ ይነጣል፣ መስመሩም የብረቱን ጉብታ ተከትሎ ከፊት እስከ ኋላ ይሮጣል። የመኪናውን ቅርጽ የሚያሳየው ይህ መስመር ነው። ከኋላችሁ የቆሙ መኪኖች ካሉ መስመሩ ይሰባበራል፣ በሩ የተጋጨ ይመስላል። ጥቁር ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ፎቶ አንሺ በሩ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ለቀለም ምርጡ ሰዓት ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ያሉት ከ10 እስከ 25 ደቂቃዎች ናቸው፣ ወይም ንጋት ላይ ጸሐይ ሳትወጣ። ሰማዩ በሙሉ አንድ ትልቅ መብራት ይሆናል፣ ኮፈኑ ላይ የሚያቃጥል ነጥብ አይኖርም። ትራይፖድ ግድ ነው። በአይ ኤስ ኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ስሜት) 100፣ በኤፍ 8፣ በ1/8 ሰከንድ ገደማ ትጀምሩና ሲጨልም እስከ 2 ሰከንድ ትደርሳላችሁ። ሹተሩን በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ልቀቁት፤ ትራይፖድ ላይ የሌንሱ የንዝረት መከላከያም ይጥፋ።

ቀትር ላይ ማንሳት የግድ ከሆነ መኪናውን የትልቅ ግንብ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ፊቱ ክፍት ሰማይ እንዲያይ አድርጋችሁ። በጥላው ውስጥ ያለው ብርሃን ሰማያዊ ስለሆነ በቀለም ስታነሱ ኋይት ባላንሱን ከ6500 እስከ 7500 ኬልቪን አካባቢ አድርጉት።

ጥቁርና ነጭ የበለጠ ጭካኔ ይችላል። ጸሐይ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብላ ከጎን ስትመጣ የኮፈኑ የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች፣ የግሪሉ ዘንጎች፣ የቸርኬው ስፖኮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥላ ይጥላሉ። በቀለም ሲታይ ይህ ብርሃን ቢጫ ሆኖ ነጩን መኪና ያበላሸዋል፤ በግራጫ ግን ጥላው ብቻ ይቀራል። ደረቅ አስፋልት ላይ ውሃ መርጨትም ለጥቁርና ነጭ ይጠቅማል። መሬቱ ይጠቁርና ነጣ ያለው መኪና ይወጣል። ጥቁር መኪና ሥር ግን አታድርጉት፤ ጎማው ከመሬቱ ጋር ይቀላቀላል።

ፖላራይዘር ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም

ፖላራይዘር (ሌንስ ፊት የሚገባ የሚዞር ማጣሪያ) ከቀለምና ከመስታወት ላይ የሚመጣን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ከክሮም ግን አይችልም፣ ባዶ ብረት የሚመልሰው ብርሃን በዚያ መንገድ አይጣራምና። ክሮሙ ላይ የሚታየውን ራሳችሁን ለማጥፋት ማጣሪያ ስታዞሩ አትድከሙ፤ ቦታ ቀይሩ ወይም ነጭ አንሶላ ጋርዱበት። ማጣሪያው የሚሠራው በተወሰነ አንግል ነው፤ ከገጹ በ35 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብላችሁ ስታዩ ይበረታል፣ ፊት ለፊት ስታዩ ይጠፋል። ስለዚህ የፊት መስታወቱ ሲጠራ በሩ እንዳለ ሊቀር ይችላል። አንድ ፎቶ ለመስታወቱ፣ አንድ ለኮፈኑ፣ አንድ ለጎኑ በትራይፖድ አንስቶ ኋላ ማዋሃድ የተለመደ መፍትሔ ነው። ማጣሪያው ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል (አንድ ስቶፕ ሲቀነስ ብርሃኑ ግማሽ፣ ሲጨመር እጥፍ ይሆናል)።

ሁለት ወጥመድ አለው። የጎንና የኋላ መስታወት በሙቀት የጠነከረ ከሆነ ማጣሪያው የነብር ነቁጥ ወይም የቀስተ ደመና ጥላ ያወጣበታል። በጥቁርና ነጭ ቀስተ ደመናው ይጠፋል፣ ነቁጡ ግን ይቀራል። ሁለተኛው፣ ነጸብራቁን ሙሉ በሙሉ ስታጠፉት የቅርጹ መስመር አብሮ ይሄዳል፤ ጥቁር መኪና ላይ ይህ ከባድ ጥፋት ነው፣ መኪናው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ማጣሪያውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ነጸብራቁ ሲጠፋ ካያችሁ በኋላ ግማሹን መልሱለት።

ኤክስፖዠር

ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ጥቁር መኪና ፍሬሙን ከሞላው ከ1 እስከ 1.7 ስቶፕ ቀንሱ፣ ነጭ ከሆነ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሩ። ክሮም ላይ ጸሐይዋ የምትፈጥራት ትንሽ ኮከብ ብትነጣ አትጨነቁ፤ እሷን ለማዳን ስትሉ መኪናውን በሙሉ ታጨልሙታላችሁ። ቀይ መኪና ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋናው ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ደህና መስሎ ሳለ የቀዩ ቻናል (የቀይ ብርሃን መረጃ) ብቻውን ሞልቶ ሊፈስ ይችላል፣ ያኔ በሩ ላይ ያለው ጥላና ጉብታ ጠፍቶ አንድ ወጥ የቀይ ልጣፍ ይሆናል። ሦስቱን ቻናሎች ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ክፈቱና ቀዩ ቀኝ ጠርዝ ከነካ 0.7 ስቶፕ ቀንሱ።

ከቀለም ወደ ግራጫ መለወጥ

የቀለሙን መጠን ዜሮ ማድረግ መለወጥ አይደለም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የትኛው ይንጣ የትኛው ይጥቆር የሚለውን መወሰን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። በፊልም ዘመን ይህ የሚሠራው ሌንስ ፊት በሚገባ ባለቀለም ማጣሪያ ነበር፤ አሁንም በፊልም የሚያነሳ ይጠቀምበታል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ማጣሪያው የራሱን ቀለም ያነጣል፣ ተቃራኒውን ያጠቁራል። ቢጫው ቁጥር 8 አንድ ስቶፕ ይወስዳል፣ ሰማዩንም በልኩ ያጠቁራል። ቀዩ ቁጥር 25 ሦስት ስቶፕ ይወስዳል፣ ሰማዩን ወደ ጥቁር ያስጠጋል፣ ቀይ መኪናን ደግሞ ብር ያስመስላል። አረንጓዴ ማጣሪያ ያንኑ ቀይ መኪና ጥቁር አድርጎ ሣሩን ያነጣዋል።

በዲጂታል ይኸው በስላይደር ይሠራል፦

1. መጀመሪያ ፎቶውን በቀለም አስተካክሉ፤ ኋይት ባላንሱ ከተሳሳተ ስላይደሮቹ የተሳሳተ ቦታ ይይዛሉ።
2. የጥቁርና ነጭ መቀየሪያውን ክፈቱና የመኪናውን ቀለም ስላይደር ብቻ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥግ ውሰዱት። መኪናው ከጀርባው የሚለይበትን አቅጣጫ ታያላችሁ። ከዚያ ወደ 20 ወይም 30 መልሱት።
3. የጀርባውን ቀለም በተቃራኒው ግፉ። ቀይ መኪናና አረንጓዴ ቁጥቋጦ ከሆነ ቀዩ ሲነጣ አረንጓዴው ይጥቆር።
4. ጠርዙን በ100 በመቶ አጉልታችሁ እዩ።

አራተኛውን የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ሰማዩን ለማጥቆር ሰማያዊውን ከልክ በላይ ስትጎትቱ የጣሪያው ጠርዝ ላይ ነጭ ክር ይወጣል፣ ሰማዩም በጥቃቅን ነጥቦች ይሞላል፤ የሰማያዊ ቻናል ከሁሉም የበለጠ ረብሻ (ኖይዝ) ያለበት ነውና። ሰማዩ የበለጠ እንዲጠቁር ከተፈለገ በማስክ (የተመረጠ ቦታን ብቻ የሚለይ መሣሪያ) ለብቻው ማጨለም ይሻላል።

ሰማያዊ መኪና ሰማያዊ ሰማይ ሥር ከሆነ ስላይደር ሁለቱን አብሮ ስለሚያንቀሳቅስ አይረዳም፤ እዚያ ላይ ማስክ ብቻ ነው መፍትሔው፣ ወይም ያንን ፍሬም በቀለም መተው።

ጥቁር የሆነው ሁሉ እኩል ጥቁር አይሁን። ከ0 (ሙሉ ጥቁር) እስከ 255 (ሙሉ ነጭ) ባለው መለኪያ ከመኪናው ሥር ያለው ጥላ ከ5 እስከ 10፣ ጎማው ከ20 እስከ 35 አካባቢ ቢሆን ጎማው ክብነቱን ይዞ መሬት ላይ ያርፋል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ መኪናው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ክሮም ደግሞ ተቃራኒውን ይወዳል፦ ንጹሕ ነጭና ንጹሕ ጥቁር ጎን ለጎን ካልሆኑ አሉሚኒየም ይመስላል። ፓራውልቱን ብቻ በማስክ ይዛችሁ ኮንትራስቱን ጨምሩለት። ይህ ቦታው ላይም ይጀመራል፤ ፓራውልቱ ፊት ለፊት መሬት ላይ ጥቁር ጨርቅ ብትዘረጉ ከታች ጠርዙ ጥቁር መስመር ያገኛል።

ዝርዝር፣ ውስጥና እንቅስቃሴ

የኋላ መብራት ቀይ መስታወት፣ የተቀባ አርማ፣ የቆዳ ወንበር በቀለም ይሻላሉ። የግሪል፣ የሰዓትና የሞተር ዝርዝር በጥቁርና ነጭ ያምራል፤ ሞተሩ ላይ ያሉት የዘመኑ ባለቀለም ሽቦዎችና ቱቦዎችም ዓይን አይስቡም።

ውስጡን ከኋላ ወንበር በ24 ወይም 28 ሚሊ ሜትር አንሱ። ትንሽ የኤል ኢ ዲ መብራት ወደ ጣሪያው ጨርቅ አዙራችሁ አብሩ፤ ጣሪያው ባለቀለም ከሆነ ግን ያንኑ ቀለም ወንበሩ ላይ ይረጨዋልና ያ ፍሬም ወደ ግራጫ ይሂድ።

ለሚንቀሳቀስ መኪና፣ ከመንገዱ ወጥታችሁ ደህና ቦታ ቁሙና በ1/125 ሰከንድ ጀምራችሁ ወደ 1/60 ውረዱ። በሰዓት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 1/60 ጎማውን ያሽከረክራል፣ አርማውን ግን ማንበብ ይቻላል። ፎከሱ ተከታታይ፣ የንዝረት መከላከያው የጎን ክትትል ሞድ ላይ ይሁን፤ ወገባችሁን እንጂ ክንዳችሁን አታዙሩ፣ ሹተሩን ከለቀቃችሁ በኋላም መዞሩን አታቁሙ። ከብዙ ፍሬም ጥቂት ብቻ ጥርት ቢል ደህና ነው።

ፋይሉን ስታስቀምጡ

ለስልክና ለኮምፒውተር ስክሪን የሚወጣውን በኤስ አር ጂ ቢ (የተለመደው የስክሪን የቀለም ክልል) አውጡ፤ በሰፊ የቀለም ክልል የወጣ ጥልቅ ቀይ ብዙ ቦታ ደብዝዞ ይታያል። ጥቁርና ነጩን ብቻ የምታወጡ ከሆነ የመኪናውን ሞዴል፣ ዓመትና የቀለም ስም በፋይሉ መግለጫ ውስጥ ጻፉ፣ የቀለም ኮዱ ከተገኘም እሱን ጨምሩ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ድረስ የተለመደው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ብርሃን አይሰማውም ነበርና ቀይ መኪና ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ዘመን ፎቶ የመኪናን የመጀመሪያ ቀለም ማወቅ የሚቸገሩ አዳሾች አሁንም አሉ፤ ቀዩን ስላይደር ወደ ግራ የጎተተ ሰው ፎቶም ከዚያ አይለይም።